በረራ ተሰርዞባቸው አሜሪካ የቀሩ እናት መቆያቸውን እንዴት ያራዝሙ?

ጥያቄ፦ «እናቴ የልጅ ልጇን ልታይ በጃንዋሪ 2020 መጀመሪያ በጉብኝት ቪዛ አሜሪካ መጣች። ኤርፖርት ላይ እስከ ጁላይ 1 ቀን 2020 ብለው ማህተም መቱላት። መመለሻዋ ኤፕሪል ላይ ነበር፤ በረራው ተሰረዘ። ወደ ሜይ አዛወርነው፤ እሱም ተሰረዘ። አየር መንገዱ ቫውቸር ልስጣችሁ ይላል እንጂ ቁርጥ ያለ ቀን አይነግረንም። እናቴ 68 ዓመቷ ነው፤ ደም ግፊትም አለባት። አንድ ዘመዳችን ‹ቪዛዋ እስከ ኖቬምበር 2021 ስለሚሠራ አትጨነቁ› ይላል። ጓደኛዬ ‹በኮሮና ምክንያት የሁሉም ሰው ቪዛ በራሱ ተራዝሟል› አለችኝ። ቤተ ክርስቲያን የምናውቃቸው ሰው ደግሞ ‹180 ቀን እስኪሞላ ማንም አይጠይቃትም› አሉን። መቆያዋን ማራዘም ይቻላል? ቀኑን ብታሳልፍ ሌላ ጊዜ ቪዛ ይከለክሏታል? እኔ የአሜሪካ ዜጋ ነኝ፤ ግሪን ካርድ ብሞላላት አይሻልም ወይ?»

ምላሽ (ጁን 2020)፦

የሰማችኋቸው ሦስቱም ምክሮች ስህተት ናቸው። የመጀመሪያው ቪዛን ከመቆያ ቀን ጋር ያምታታል። ሁለተኛው የሌላ አገር ወሬ ነው። ሦስተኛው ግማሽ እውነት አለው፤ ብዙ ሰው የሚጎዳውም በሱ ነው።

ከቪዛው እንጀምር። ፓስፖርቱ ላይ የተለጠፈው ቪዛ እናትዎ አሜሪካ በር ላይ ቆመው «ልግባ» ብለው እንዲጠይቁ የሚያስችል ወረቀት ነው። ኖቬምበር 2021 ማለት እስከዚያ ድረስ በሩን ማንኳኳት ይችላሉ ማለት እንጂ እስከዚያ ድረስ ውስጥ መቀመጥ ይችላሉ ማለት አይደለም። ስንት ጊዜ እንደሚቀመጡ የወሰነው ኤርፖርት ላይ ያነጋገራቸው መኮንን ነው። እሱ የሰጠው ቀን አይ-94 በሚባለው የመግቢያ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ስለዚህ ለእናትዎ ጉዳይ ዋናው ቀን ጁላይ 1 ነው። ቪዛው ነገ ቢያልቅ እንኳ መቆያው እስከ ጁላይ 1 ይጸና ነበር። አሁን ደግሞ ቪዛው አንድ ዓመት ከምናምን ቢቀረውም መቆያው ጁላይ 1 ያበቃል።

ማህተሙን ብቻ አይመኑ። የጉምሩክና ድንበር ጥበቃው መሥሪያ ቤት፣ ሲቢፒ፣ የአይ-94 ድረ ገጽ አለው። የፓስፖርት ቁጥራቸውን፣ የትውልድ ቀናቸውንና ስማቸውን አስገብተው መዝገቡን ያውጡ። እዚህ ላይ ሐበሻ ሁሉ የሚሰቃየው በስም ነው። የራስ፣ የአባትና የአያት ስም በየትኛው ሳጥን እንደገባ ስለማይታወቅ ድረ ገጹ «መዝገብ አልተገኘም» ይላል፤ ሰውም ይደነግጣል። ከፓስፖርቱ የፎቶ ገጽ ግርጌ ሁለት ረድፍ የኮምፒውተር ፊደላት አሉ። ስሙን እዚያ በተጻፈው ቅደም ተከተል ያስገቡት። ካልሆነ የራስና የአባት ስም አንድ ላይ በመጀመሪያው ሳጥን፣ የአያት ስም በመጨረሻው ሳጥን አድርገው ይሞክሩ። ሲገኝ ያትሙት፤ ፒዲኤፉንም ያስቀምጡት። ማህተሙና ድረ ገጹ የተለያየ ቀን ካሳዩ ቀድሞ የሚያልቀውን ትክክለኛ ነው ብለው ይቁጠሩ፤ ሲቢፒም እንዲያርመው ይጠይቁ።

«በራሱ ተራዝሟል» የሚለው ወሬ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ሌሎች አገሮች አድርገውታል። እንግሊዝ ከጃንዋሪ 24 ወዲህ ቪዛቸው አልቆ መውጣት ላልቻሉ ሰዎች ቀኑን እስከ ጁላይ 31 ገፍታለች። ኒውዚላንድ ከኤፕሪል 2 እስከ ጁላይ 9 የሚያልቁ ጊዜያዊ ቪዛዎችን እስከ ሴፕቴምበር 25 አራዝማለች። ታይላንድም ለቱሪስቶች እስከ ጁላይ 31 ምሕረት አድርጋለች። ሼንገን የሚባሉት፣ በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች የቪዛ ሕግ አንቀጽ 33 ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት መውጣት ላልቻለ ሰው ያለ ክፍያ እንዲራዘምለት ያዛል፤ እሱም ቢሆን ሰውየው ሄዶ ሲጠይቅ ነው። አሜሪካ ግን ለጎብኚዎች እንዲህ ያለ የጅምላ ማራዘሚያ አላወጀችም። የዜግነትና ኢሚግሬሽን አገልግሎቱ፣ ዩኤስሲአይኤስ፣ ኤፕሪል 13 ቀን 2020 ያወጣው መግለጫ የሚለው ሌላ ነው፦ በኮሮና ምክንያት መውጣት ያልቻላችሁ ማራዘሚያ ማመልከት ትችላላችሁ፣ በጊዜው ካመለከታችሁ ውሳኔ እስኪመጣ ትጠበቃላችሁ፣ ከዘገያችሁም ምክንያታችሁን እናያለን። ወረርሽኙ ለማመልከት ምክንያት ይሆናል እንጂ ፈቃድ አይሆንም።

አንድ ሌላ መምታታት ደግሞ አለ። ዩኤስሲአይኤስ በ2020 ለደብዳቤዎቹ መልስ መስጫ 60 ቀን ጨምሮ ነበር። ይህን ሰምተው «60 ቀን ተጨመረልን» የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። ጭማሪው መሥሪያ ቤቱ ከማርች 1 እስከ ጁላይ 1 ቀን 2020 ባለው ጊዜ «ተጨማሪ ማስረጃ አምጡ» ብሎ ለላከላቸው ሰዎች መልስ መስጫ ነበር። የአይ-94 ቀንን አይነካም።

አሁን ወደ 180 ቀኑ። ሕጉ እንዲህ ነው። መቆያው ካለፈ በኋላ ከ180 ቀን በላይ ያለ ፈቃድ ተቀምጦ የወጣ ሰው ለ3 ዓመት ተመልሶ መግባት ይከለከላል። አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ከተቀመጠ ክልከላው 10 ዓመት ነው። ከቤተ ክርስቲያን የሰማችሁት ምክር የመጣው ከዚህ ነው። ያልተነገራችሁ ግን አንድ ቀን ብቻ ማሳለፍም ዋጋ እንደሚያስከፍል ነው። ማመልከቻ ሳይገባ አይ-94 ካለፈ ፓስፖርቱ ላይ ያለው ቪዛ በሕግ ይሰረዛል። ማንም መጥቶ ማህተም አይመታበትም፤ ፓስፖርቱ ላይ እንዳማረበት ይቀመጣል፤ ግን አይሠራም። ከሁለት ዓመት በፊት እንዲህ ሆኖባቸው ሳያውቁት በሌላ ጊዜ ትኬት ቆርጠው፣ ከረጅም በረራ በኋላ ከኤርፖርት የተመለሱ እናት አውቃለሁ። ቀጣዩ ቪዛም በአገራቸው ባለው ኤምባሲ እንደ አዲስ መጠየቅ አለበት። እዚያ ቃለ መጠይቅ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ «ባለፈው ለምን አሳለፉ?» ይሆናል።

ስለዚህ ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው። ይህን የምጽፈው በጁን 2020 ሁለተኛ ሳምንት ነው፤ ሦስት ሳምንት አላችሁ። ይህ ሳምንት ሳያልቅ የመቆያ ማራዘሚያ ማመልከቻውን፣ ፎርም አይ-539ን፣ ኦንላይን ያስገቡ። ጎን ለጎን በረራ መፈለጉን አያቁሙ። ከጁላይ 1 በፊት እርግጠኛ በረራ ከተገኘና ሐኪማቸው መብረር ይችላሉ ካላቸው መሄዱ ከሁሉም ንጹህ መንገድ ነው። ያኔ የከፈሉት ገንዘብ አይመለስም፤ ይሂድ። ካልተገኘ ግን ቀኑ ሲደርስ ማመልከቻው ገብቶ ያገኛችኋል።

ቢሮዎቹ ተዘግተው የለም ወይ ትሉ ይሆናል። ማርች 18 ቀን 2020 የተዘጋው ሰው በአካል የሚቀርብበት አገልግሎት ነበር፤ ከጁን 4 ጀምሮም ቀስ በቀስ መከፈት ጀምሯል። ማመልከቻ መቀበሉ አንድ ቀን አልቆመም። ዩኤስሲአይኤስ መቆያው ከማለቁ ቢያንስ 45 ቀን በፊት አስገቡ ይላል። ያ ምክር እንጂ ገደብ አይደለም። ገደቡ አይ-94 የሚያልቅበት ቀን ነው። እዚያ ቀን ላይ ደግሞ የሚቆጠረው ወረቀቱ መሥሪያ ቤቱ እጅ የገባበት ቀን ነው፤ ፖስታ ቤት የሰጣችሁበት አይደለም። በፖስታ ልካችሁ ፊርማ ቢጎድል ወይም ክፍያው በአንድ ዶላር ቢሳሳት ሙሉው ፖስታ ይመለስላችኋል። ተመልሶ ሲደርሳችሁ ጁላይ 1 አልፎ ይሆናል። ኦንላይን ያስገቡ የምለው ለዚህ ነው። ክፍያው ካላለፈ ፎርሙ አያልፍም፤ ካለፈ የማመልከቻ ቁጥሩ ወዲያው ይወጣል።

በ2020 ኦንላይን ማስገባት የሚቻለው ብቻቸውን ለሚያመለክቱ ነበር። እናትዎ ብቻቸውን ስለሆኑ ይሆንላቸዋል። ባልና ሚስት አብረው በአንድ ማመልከቻ የሚጠይቁ ከሆነ ግን አይ-539ኤ የሚባል ተጨማሪ ቅጽ አለ፤ እሱ ያኔ በወረቀት ነበር የሚሄደው። አካውንቱ የሚከፈተው በእናትዎ ስም ነው፤ አመልካቿ እሳቸው ናቸው። ኢሜይል ከሌላቸው ይክፈቱላቸው። መተየቡን እርስዎ ይርዷቸው። ነገር ግን እያንዳንዱን ጥያቄ በአማርኛ አንብበውላቸው የሚመልሱት እሳቸው ይሁኑ። ፎርሙ ላይ የሚፈርሙት «ያልኩት ሁሉ እውነት ነው» ብለው ስለሆነ፣ ያላነበቡትን ቢፈርሙ ነገ በሌላ ቃለ መጠይቅ ላይ እሳቸው ናቸው የሚጠየቁት።

በጁን 2020 ክፍያው 370 ዶላር ነበር፤ ለአሻራ ደግሞ 85 ዶላር ይጨመር ነበር፤ በድምሩ 455 ዶላር። ይህ የዚያን ጊዜ ዋጋ ነው፤ ከዚያ በኋላ የምታነቡ ድረ ገጹን አይታችሁ ክፈሉ። የአሻራ ቀጠሮ በደብዳቤ ይመጣል። በ2020 የአሻራ ማዕከላቱ ስለተዘጉ ብዙ ቀጠሮዎች ተሰርዘው መሥሪያ ቤቱ ራሱ ሌላ ቀን ይሰጥ ነበር። ስለዚህ ቢዘገይ አትደንግጡ፤ አድራሻ ስትቀይሩ ግን ወዲያው አስታውቁ። ደብዳቤው የድሮ ቤት ሄዶ ቀጠሮ ያለፈበት ሰው ማመልከቻው እንደተተወ ይቆጠርበታል።

ከፌብሩዋሪ 24 ቀን 2020 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ፎርም ስለ መንግሥት ድጎማ ይጠይቅ ነበር፦ አመልካቹ እዚህ ከገባ ወዲህ የምግብ ድጎማ፣ የቤት ድጎማ፣ ሜዲኬይድ የሚባለውን የመንግሥት የጤና ሽፋን ወይም የመሳሰለውን ወስዷል ወይ? በእውነት ይመልሱ። በኮሮና ምክንያት ምርመራ ወይም ሕክምና ማግኘት ግን በዚህ አይቆጠርም ነበር፤ ዩኤስሲአይኤስ ማርች 2020 ላይ በግልጽ ተናግሯል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ «ቪዛዬን ያበላሽብኛል» ብለው ትኩሳት ይዘው ቤት የሚቀመጡ አሉ።

ከፎርሙ ይልቅ ጉዳዩን የሚያቀናውም የሚያበላሸውም ከፎርሙ ጋር የሚገባው የማብራሪያ ደብዳቤ ነው። አንድ ገጽ ይበቃል። መኮንኑ ማወቅ የሚፈልገው አራት ነገር ነው፦ ለምን መጡ፣ ለምን በጊዜው አልወጡም፣ እስከ መቼ ይቆያሉ፣ እስከዚያ ማን ያኖራቸዋል። ከዚህ ውጭ ያለው ሁሉ ትርፍ ነው። ለምሳሌ እንዲህ ማለት ይቻላል፦ «የመጣሁት ልጄንና አዲስ የተወለደውን የልጅ ልጄን ለመጎብኘት ነው። መመለሻዬ ኤፕሪል ላይ ነበር። አየር መንገዱ ሰረዘው፤ ወደ ሜይ የተዛወረውንም ሰረዘው። 68 ዓመቴ ነው፤ የደም ግፊት ታማሚ ነኝ፤ ሐኪሜ በአሁኑ ወቅት ረጅም ጉዞ እንዳላደርግ መክሮኛል። በረራ እንደተገኘ እመለሳለሁ። እስከዚያ የምኖረው በልጄ ቤት ነው።» የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች በወረቀት ማስደገፍ አለባችሁ።

በደብዳቤው ውስጥ «ልጄን የሚይዝልኝ ሰው ስለጠፋ» ብሎ የሚጽፍ ቤተሰብ ብዙ ነው። የዋህነት ነው። አያት የልጅ ልጇን ብታቅፍ ማንም አይከለክልም። ነገር ግን መቆያ የሚጠየቅበት ምክንያት የሞግዚት እጥረት ከሆነ መኮንኑ የሚያየው ጉብኝት ሳይሆን ሥራ ነው፤ በጉብኝት ቪዛ ደግሞ ያለ ደመወዝም ቢሆን የሠራተኛ ቦታ መሙላት አይፈቀድም። ዋሹ ማለቴ አይደለም። የእናትዎ እውነተኛ ምክንያት የተሰረዘው በረራና ጤናቸው ነው፤ እሱን ይጻፉ። ምክንያቱ በእውነት ልጅ መያዝ ብቻ ከሆነ ደግሞ ማራዘሚያ መጠየቁ ራሱ ልክ አይደለም።

ማስረጃ ስትሰበስቡ የመጀመሪያውን ትኬት፣ ሁለቱንም የስረዛ ኢሜይሎችና የቫውቸሩን መልእክት አስቀምጡ። ከአየር መንገዱ ጋር በስልክ ብቻ የተነጋገራችሁ ከሆነ ኢሜይል ላኩላቸውና በጽሑፍ እንዲመልሱ ጠይቁ። የሐኪም ደብዳቤ ዕድሜያቸውን፣ ሕመማቸውንና ምክሩን ቢይዝ ይበቃል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ ዕድሜያቸው 65ና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ለኮሮና ይበልጥ ተጋላጭ እንደሆኑ እየተናገረ ስለሆነ ሐኪሙ ለመጻፍ አይከብደውም። እርስዎ ደግሞ የሥራ ማረጋገጫ፣ የቅርብ ጊዜ የባንክ መግለጫና «ወጪያቸውን እኔ እችላለሁ» የሚል የፈረሙበት ጽሑፍ ያቅርቡ። የሚመለሱ ስለመሆናቸው ቤት፣ ጡረታ፣ ባለቤት፣ አገር ቤት ያሉ ሌሎች ልጆች፣ ያለውን ማሳየት ነው። በአማርኛ የተጻፈ ማንኛውም ወረቀት ሙሉ የእንግሊዝኛ ትርጉም ይፈልጋል፤ ተርጓሚውም ሁለቱን ቋንቋዎች እንደሚችልና ትርጉሙ ትክክል እንደሆነ ጽፎ መፈረም አለበት። ውድ የትርጉም ቢሮ ግዴታ አይደለም። ግን እርስዎ ወጪ ቻይም ተርጓሚም ከሚሆኑ ሌላ ሰው ቢተረጉመው ያምራል።

ፓስፖርታቸው እስከ መቼ እንደሚሠራ አይተዋል? በሚጠይቁት ተጨማሪ ጊዜ ውስጥ የሚያልቅ ከሆነ ማራዘሚያው ላይ ችግር ይፈጥራል። እድሳቱን በአገራቸው ኤምባሲ በኩል ዛሬውኑ ይጀምሩ፤ የድሮውን ገጽና የማደሻውን ደረሰኝ ኮፒ ግን ከመላካችሁ በፊት አንሱ።

ስንት ወር ይጠየቅ? ለጉብኝት ቪዛ በአንድ ጊዜ እስከ 6 ወር መጠየቅ ይቻላል። ብዙ ሰው «ከተጠየቀ አይቀር» ብሎ ስድስቱንም ይሞላል። እኔ አልመክርም። ሁለት ሳምንት መጠየቅም ሞኝነት ነው፤ በረራው እንደገና ቢሰረዝ ሌላ ክፍያ ነው። በእናንተ ሁኔታ ሦስት ወይም አራት ወር፣ ማለትም እስከ ኦክቶበር ድረስ ብትጠይቁ ከምክንያታችሁ ጋር ይሄዳል። ቢቻል በዚያ ቀን አካባቢ ያለ፣ ቀኑ ሊቀየር የሚችል ትኬት ይያዙና ያያይዙት። «እመለሳለሁ» ከሚል ገጽ ሙሉ ደብዳቤ አንድ የትኬት ቁጥር ይበልጣል።

ማመልከቻው በጊዜው ከገባ ጁላይ 2 ጠዋት ምን ይሆናል? ምንም። ውሳኔ እስኪመጣ እናትዎ በሕግ እንደተፈቀደላቸው ነው የሚቆጠረው፤ የ180 ቀኑም ቆጠራ አይጀምርም። ውሳኔው ወራት ሊፈጅ ይችላል። ብዙ ጊዜ ሰውየው አገሩ ገብቶ ነው ደብዳቤው የሚመጣው፤ ይህ ችግር የለውም። ሁለት ነገር ግን አትርሱ። የጠየቃችሁት ቀን ደርሶ ውሳኔ ካልመጣ «ገና በሂደት ላይ ነው» ብላችሁ አትቀመጡ። ወይ በዚያ ቀን ይውጡ፣ ወይ ከዚያ ቀን በፊት ሁለተኛ ማመልከቻ ያስገቡ። ሁለተኛ፣ ጁላይ 1 ካለፈ በኋላ ክልከላ ከመጣ የሕገ ወጥ ቆይታ ቆጠራው ከውሳኔው ማግስት ይጀምራል፤ ፓስፖርቱ ላይ ያለው ቪዛም ይሰረዛል። ያኔ የመጀመሪያው የተገኘው በረራ ነው፤ ይግባኝ እያሉ መቀመጥ አያዋጣም። በደንብ የተሰናዳ የበረራ ስረዛ ጉዳይ ላይ ክልከላ ብዙም አያሰጋኝም፤ ግን ማመልከት ማለት ማግኘት አይደለም።

ጁላይ 1 ካለፈባችሁስ? ያለፈባቸው ሌሎች አንባቢዎችም ስላሉ በአጭሩ ልመልስ። ደንቡ ከአቅም በላይ የሆነ ልዩ ምክንያት ላጋጠመው ሰው የዘገየ ማመልከቻ እንዲታይ ይፈቅዳል፤ ኮሮናም እንደዚህ ያለ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል መሥሪያ ቤቱ ተናግሯል። ግን የዘገያችሁበት ጊዜ ከምክንያቱ ጋር መመጣጠን አለበት። አንድ ሳምንት ሆስፒታል የተኛ ሰው አንድ ሳምንት ቢዘገይ ይገባል፤ ሦስት ወር ቢዘገይ ግን አይገባም። በመሃል ሥራ ሠርቶ ከሆነ ወይም ከአገር የማስወጣት ክስ ላይ ከሆነ ይህ በር ዝግ ነው። «አላውቅም ነበር» ደግሞ ልዩ ምክንያት አይባልም። ይህ በጸጋ የሚሰጥ ነገር ስለሆነ እናንተ ሦስት ሳምንት እያላችሁ በሱ እንዳትተማመኑ።

አዲስ የመቆያ ቀን ለማግኘት ጠረፍ ወጥቶ መመለስ ከዚህ በፊት የሚወራ ዘዴ ነበር። ከማርች 21 ቀን 2020 ጀምሮ ግን የካናዳና የሜክሲኮ የየብስ ድንበር አስፈላጊ ላልሆነ ጉዞ ተዘግቶ ነበር። ክፍት ቢሆንም ለካናዳ ራሱ ቪዛ ያስፈልጋል፤ ሲመለሱም አዲስ ቀን ለመስጠት የሚገደድ መኮንን የለም። ይርሱት።

ግሪን ካርዱን በተመለከተ፣ ዜጋ ከሆኑና 21 ዓመት ከሞላዎት ለእናትዎ ማመልከት ይችላሉ። በሕጋዊ መንገድ ስለገቡም እዚሁ ሆነው መጨረስ ይችላሉ። ነገር ግን ይህ ለተሰረዘ በረራ መድኃኒት አይደለም። በመጀመሪያ ደረጃ እሳቸው እዚህ መኖር ይፈልጋሉ ወይ? ግሪን ካርድ ይዞ አብዛኛውን ጊዜ አገር ቤት መቀመጥ ካርዱን ሊያሳጣ ይችላል። ማመልከቻው ገብቶ ሳለ ያለ ጉዞ ፈቃድ ከወጡም ፋይሉ እንደተተወ ይቆጠራል፤ ባለቤታቸው ቢታመሙ እንኳ ተነስተው መሄድ አይችሉም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዛሬ «በረራ እንደተገኘ እመለሳለሁ» ብሎ ፈርሞ በሚቀጥለው ሳምንት የቋሚ ኑሮ ማመልከቻ ማስገባት የመጀመሪያውን ቃል ጥያቄ ውስጥ ይከታል። እናትዎን አስቀምጠው ይጠይቋቸው። መመለስ የሚፈልጉ ከሆነ አይ-539 ብቻ። መቅረት የሚፈልጉ ከሆነ ምንም ከማስገባታችሁ በፊት ጠበቃ ያነጋግሩ።

ጠበቃ ስል ፈቃድ ያለው ጠበቃ ወይም የፍትሕ ሚኒስቴር እውቅና የሰጠው ወኪል ማለቴ ነው። በየሰፈሩ ፎርም የሚሞሉ፣ ታክስ የሚሠሩ፣ ትኬትም የሚቆርጡ ሰዎች አሉ። ቀና ሰዎች ይኖሩባቸዋል። ግን የሕግ ምክር መስጠት አይፈቀድላቸውም፤ ሲሳሳቱ ደግሞ ስማቸው ፎርሙ ላይ የለም። «እኔ አውቅበታለሁ፣ ኦሪጅናል ፓስፖርቱን ተውልኝ» ካሉ ፓስፖርቱን ይዛችሁ ውጡ።

የጉዞ ኢንሹራንስ ገዝታችሁላቸው ከሆነ ብዙ ጊዜ የሚያልቀው ከመመለሻ ቀናቸው ጋር ነው። ካለቀ በኋላ ከማደስ ሳያልቅ ማራዘም ይቀላል። የደም ግፊት ክኒናቸውንም ቆጥረው ይዩ፤ እዚህ በሐኪም ትእዛዝ ካልሆነ አይሸጥም።

በመጨረሻ ሲሄዱ የማመልከቻውን ደረሰኝ፣ የስረዛ ኢሜይሎቹንና የሐኪሙን ደብዳቤ ኮፒ በእጅ ቦርሳቸው ይዘው ይሂዱ፤ ሻንጣ ውስጥ አይደለም። የመሳፈሪያ ካርዱን ቁራጭ እንዳይጥሉ አደራ ይበሏቸው። ከሄዱ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ የአይ-94 ድረ ገጹን እንደገና ይክፈቱና በጉዞ ታሪካቸው ላይ የወጡበት ቀን መመዝገቡን ይዩ። ካልተመዘገበ ካርዱና አገራቸው ሲገቡ ፓስፖርቱ ላይ የተመታው ማህተም በጊዜው መውጣታቸውን ያስረዱላቸዋል፤ ሁለቱንም ፎቶ አንስተው ለሚቀጥለው የቪዛ ቃለ መጠይቅ ያስቀምጡላቸው።